የላይኛዋ ፎቅ አሥር ኢንች ትሁን

ኬክ ፎቅ እንዳለው፣ ፎቁም በኢንች እንደሚለካ የማታውቁ ካላችሁ ታድላችኋል፤ እዚያው ቆዩ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ኬክ የማውቀው በኪሎ ነበር። አንድ ኪሎ ለልደት፣ ሁለት ኪሎ ለምርቃት፣ አለቀ። ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ፣ ያውም በሁዳዴ፣ የቅቤና የእንቁላል ግንብ አሠሪ እሆናለሁ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ሊና ልታገባ ሆነ። ያለችኝ አንድ እሷ ናት። ሳንዲ ስፕሪንግስ ያለ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት፤ ከቤታችን በመኪና ሃያ ደቂቃ ነው፣ ትራፊክ ካለ ደግሞ የአትላንታ ሰው ሰዓት አይጠየቅም። የምታገባው ልጅ ዮናታን ይባላል። ጨዋ ልጅ ነው፤ እንከን ልፈልግለት ብዙ ደክሜ አጥቻለሁ። አንድ ጥፋት ብቻ አለበት፣ የሚሠራው ዴንቨር ነው። ሰርጉ ቅዳሜ ሊሆን፣ ማክሰኞ ይዟት ሊሄድ ተቆረጠ።

ይህን ስሰማ "እግዚአብሔር ይባርካችሁ" አልኩ። አባት የሚለው ይህንኑ ነው፤ ሌላ ነገር ካለ ይታዘቡታል። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገባሁና ቧንቧውን ከፍቼ ቁጭ አልኩ። ባለቤቴ ጽጌ ትንሽ ጠበቀችና በሩን አንኳኩታ፣ "ውኃው እኮ ይቆጥራል" አለችኝ።

የሰርጉ መሪ ጽጌ ናት። አዳራሹ የእሷ፣ ምግቡ የእሷ፣ ልብሱ የእሷ፣ የጥሪው ካርድ የእሷ። የሙሽራዋ አባት ነኝና ለእኔም አንድ ነገር ስጡኝ ብዬ ለመንኩ። ብዙ ካሰበች በኋላ፣ "እሺ፣ ኬኩን ያዝ" አለች። "ጣዕሙን ግን ሊና ትመርጣለች። ቀለሙንም ሊና ትመርጣለች። አንተ መጠኑን ብቻ።" ሁዳዴ ላይ ነንና ልቅመስ ብልም አልችልም። ስለዚህ ለእኔ የቀረችልኝ መለካት ናት።

ለነገሩ መለካት እንጀራዬ ነው። ዳውንታውን ውስጥ ፓርኪንግ ሎት ነው የምሠራው። ባዶ ቦታ አሳዩኝ፣ ስንት መኪና እንደሚይዝ ቆሜ እነግራችኋለሁ፤ ባለ መኪኖቹ ቁልፋቸውን ትተውልኝ ከሄዱማ ሦስት እጨምርበታለሁ። ኬክ ምን ያቅተኛል ብዬ ተኩራራሁ። ትዕቢት ጥፋትን ይቀድማል ሲባል ስሰማ ኖሬያለሁ፣ ግን ሁልጊዜ ስለ ሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ከሊና ጋር ሚድታውን ወዳለ ኬክ ቤት ሄድን። ባለቤቷ ሚስ ሎሬታ ትባላለች። ወደ ሰባው የተጠጋች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ሰውን ሁሉ "ሃኒ" የምትል ሴት ናት። ተቀመጥን። እርሳስ አነሳችና "እንግዳ ስንት ነው?" አለችኝ።

"ሦስት መቶ ጠርተናል።"

"እሱን አይደለም ሃኒ። የሚመጣው ስንት ነው?"

ይህ ለፈጣሪ የሚቀርብ ጥያቄ ነው። ካርዱ ላይ "መምጣትዎን ያሳውቁን" ብለን ጽፈን ነበር። አንዱ ደወለና "ካርዱ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን" ብሎ ዘጋው። ሌላዋ "እግዚአብሔር ቢፈቅድ" አለች። ሦስተኛው ደግሞ ሌላ ማን ማን እንደሚመጣ መልሶ ጠየቀን። ይህን ለሚስ ሎሬታ በእንግሊዝኛ ማስረዳት ስላቃተኝ ትከሻዬን ነቀነቅኩ። እሷም ሦስት መቶ ብላ ጻፈችና ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አደረገችበት።

ከዚያ ሥዕሉን ሠራች። አራት ፎቅ፤ ከላይ ስድስት ኢንች፣ ቀጥሎ ስምንት፣ ቀጥሎ አሥር፣ ከታች አሥራ ሁለት። እያንዳንዱ ከላዩ ካለው በሁለት ኢንች መስፋት አለበት፣ አለዚያ ኬኩ በርሜል ይሆናል አለች። ለቀረው እንግዳ ከጓዳ ተቆርጦ የሚወጣ ሌላ ኬክ ትጨምራለች። ጨዋ ሰው ብሆን ኖሮ እዚህ ላይ እሺ ብዬ፣ እጅ ነስቼ እወጣ ነበር።

ሊና ልትቀምስ አራት ቁራጭ በሳህን ቀረበላት። ሊና የምትጾመው ሰሙነ ሕማማትን ብቻ ነው። እኔ እጄን አጣምሬ አያታለሁ። "አባዬ፣ ልንገርህ እንዴት እንደሆነ" አለችኝ። "ይኼኛው ሎሚ ነው፣ ግን፣ ላይክ፣ አይኮመጥጥም። መጀመሪያ ቅቤው ይመጣል፣ ከዛ ሎሚው ቀስ ብሎ።" ዓይኗን ጨፍና ነው የምትነግረኝ። ምራቄን ዋጥኩ። በመጨረሻ እንዲህ ቁጭ ብለን ያወራነው መቼ እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩና ተውኩት፤ አላስደሰተኝም።

ልንነሳ ስንል ሚስ ሎሬታ አንድ ነገር ጨመረች። የላይኛዋ ፎቅ ለእንግዳ አትቆረጥም። ፍሪዘር ውስጥ ትቀመጥና ዓመት ሲሞላ ሙሽሮቹ ይበሏታል፤ የዚህ አገር ወግ ነው አለች። ሊና ወደ እኔ ዞራ፣ "እኛ ዴንቨር ልንወስደው አንችልም፣ ይቀልጣል። እናንተ ፍሪዘር ይቀመጥልን፣ ለአኒቨርሰሪያችን መጥተን እንበላዋለን" አለች። አለችና ቦርሳዋን አንግታ ቁልፏን መፈለግ ጀመረች።

እኔ ግን ከወንበሬ አልተነሳሁም። መጥተን። ልጄ ትመጣለች ማለት ነው። ሥዕሉን አየሁት፤ ስድስት ኢንች። በሁለት መዳፌ ለካኋት፣ እዚህ ግባ የምትባል አይደለችም። ሁለት ወጣቶች ከሻይ ጋር አንዴ ቢቀመጡባት ታልቃለች። ጠዋት መጥተው ማታ መመለሳቸው ነው።

"ሚስ ሎሬታ" አልኩ፣ "የላይኛዋን ስምንት አድርጊልኝ።"

"እንደዚያ ከሆነ የታችኛው አሥራ አራት ይሆናል።"

"ይሁን።"

"ለምን አባዬ?" አለች ሊና።

"ለእንግዳው።"

ውሸቴን ነው። እውነቱን ለእናንተ ልንገራችሁና አትሳቁብኝ። ኬኩ በተለቀ ቁጥር ለመጨረስ ብዙ ቀን ይፈጃል፤ ብዙ ቀን ከፈጀ ሊና ብዙ ቀን ትቀመጣለች። ምግብ መድፋት ነውር ነው ብለን ያሳደግናት ልጅ ናት፣ ግማሽ ኬክ ትታ አትሄድም። ታዲያ "ስትመጪ ስንት ቀን ትቀመጫለሽ?" ብሎ መጠየቅ አይቀልም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አይቀልም። "ሁለት ቀን" ብትለኝስ?

ሚስ ሎሬታ የሎሚውን ኬክ በስምንት ኢንች ልክ ሠርታ ለናሙና ሰጠችኝ። ሰኞ ዕለት ሥራ ቦታ ይዤው ሄድኩ። አሥራ አምስት ዓመት አብሮኝ የሠራ ከማል የሚባል ወንድሜ አለ። እንግዲህ ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን አንድ ላይ ነው የገቡት። እኔ ቅቤና እንቁላል አልነካ፣ እሱ ፀሐይ እስክትጠልቅ ውኃ አይቀምስ፤ ሁለት ጾመኞች በአንዲት ጠባብ የፓርኪንግ ቡዝ ውስጥ ኬክ መሐላችን አስቀምጠን ስንት ቀን እንደሚበላ እንከራከራለን። እኔ ካርቶን በክብ በክብ ቆርጬ፣ አራት ፎቅ አድርጌ ደርድሬያለሁ። መኪናውን ሊወስድ የመጣ ሁሉ ካርቶኑን ያይና ቁልፉን ቶሎ ተቀብሎ ይሄዳል።

"ለሁለት ሰው ይኼ አራት ቀን ያስኬዳል" አለ ከማል።

"እርግጠኛ ነህ?"

"ስጠኝና ቤት ልሞክረው።"

ሰጠሁት። በማግስቱ ሲመጣ ፊቱ ጥሩ አልነበረም።

"አለቀ" አለኝ።

"ምኑ?"

"ኬኩ። ለማፍጠሪያ አወጣሁት፣ ቴምሩ ሳያልቅ ኬኩ አለቀ።"

"ስንት ሆናችሁ?"

"እኔ፣ ሚስቴና ሁለቱ ልጆች። ትንሿ እንኳ ብዙም አልበላች።"

ስምንት ኢንች ለአራት ሰው አንድ ማታ ካልደፈነች፣ ለሁለት ሰው ሁለት ቀን መሆኗ ነው። በሁለተኛው ቅዳሜ ሚስ ሎሬታ ፊት ቀርቤ "የላይኛዋ ፎቅ አሥር ኢንች ትሁን" አልኩ።

መነጽሯን አደረገች። "ሃኒ፣ ከታች አሥራ ስድስት ሊሆን ነው። አሥር ኢንች የሆነ የላይ ፎቅ በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም። ለምንድን ነው?"

"ባህላችን ነው።"

በዚህ አገር እንደዚህ ቃል ያለ ጋሻ የለም። ዘግይተህ ስትደርስ ባህላችን ነው፣ ጎረቤት በሙዚቃው ሲማረር ባህላችን ነው፤ የሚጠይቅህ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ይጠይቅሃል። ሚስ ሎሬታም ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ በአክብሮት ጻፈችው። ሊና ግን በአማርኛ፣ "አባዬ፣ ሲሪየስሊ፣ እንዲህ የሚባል ባህል አለን?" አለችኝ።

"የድሮ ነው" አልኳት። አየችኝ፤ ብዙ አየችኝና ወደ ኬኳ ተመለሰች።

በሦስተኛው ቅዳሜ ወደ አሥራ ሁለት ልወጣ ሞከርኩ። ሚስ ሎሬታ እጄን ይዛ ወደ ጓዳ ወሰደችኝና ኦቨኑን ከፈተችልኝ። ከታች አሥራ ስምንት ኢንች ሊሆን ነው፤ ሜትሬን አውጥቼ ለካሁ፣ አይገባም። እኔ ግን በጠባብ ቦታ ስንትና ስንት መኪና ያስገባሁ ሰው ነኝ። "አዙረን በአግድም ብናስገባው?" አልኳት። ሚስ ሎሬታ ጠረጴዛውን ደገፍ ብላ ሳቀች። "ክብ እኮ ነው ሃኒ፣ በየት በኩል ብታዞረው ያው ነው።" ያን ዕለት በአሥር ኢንች ረጋሁ። በአራተኛው ቅዳሜም ሄድን። ምን ልናደርግ እንደሄድን አሁን ብትጠይቁኝ አላውቅም፤ ሊና አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልተናገርኩም። በመኪና ውስጥ ስለ ሆስፒታሉ፣ ስለ በሽተኞቿ ታወራልኛለች፣ እኔ በግራው መስመር ቀስ ብዬ እነዳለሁ፤ ከኋላ ያለው ጡሩንባውን ይነፋል፣ ይንፋ።

ውሸት እግር ታወጣለች። አንድ ምሽት እራት ላይ እያለን የጽጌ ስልክ ጮኸ። የደወለችው ከፋሲካ በኋላ ልጇን የምትድር ሌላ እናት ናት። ድምፅዋ እስከ እኔ ይሰማል። "ጽጌዬ፣ የላይኛው ፎቅ አሥር ኢንች የሚሆነው የየት አገር ባህል ነው? ኬክ ሠሪዋ 'የእናንተን ባህል አውቃለሁ' ብላ ጽፋ ይዛናለች። እኛ ሳናውቀው ቀርተን ሰው ፊት እንዳናፍር።"

"አጣርቼ ልደውልልሽ" አለች ጽጌ። ስልኩን አስቀመጠችና ወደ እኔ ዞረች። "አንተ ሰው፣ ኮንዶሚኒየም ነው እንዴ የምታሠራው?"

"ለእንግዳው ብዬ ነው።"

"ለእንግዳው ከሆነ የታችኛውን አስፋዋ። የላይኛውን እንግዳ አይበላውም። ሊና ነግራኛለች፣ እስክትመጣ እዚህ የሚቀመጥ ነው።"

ዝም አልኩ። ሠላሳ ዓመት አብራኝ ኖራለች፣ ዝምታዬን ከንግግሬ ይልቅ ታውቀዋለች። ተነስታ ፍሪዘሩን ከፈተችና ከዘመድ የተላከልንን በርበሬና ሽሮ በፌስታል በፌስታል እያወጣች ወደ ጎን ትደረድር ጀመር። ባዶውን ቦታ በስንዝሯ ለካችው። "አሥር ኢንች ይበቃዋል" አለችና ሳህኖቹን አነሳች።

ሰርጉ ዳግማይ ትንሣኤ ካለፈ በኋላ ቅዳሜ ሆነ። ሙሉ ልብስ ለብሼ፣ አበባ ደረቴ ላይ ሰክቼ፣ የኬኩን መኪና ራሴ ነኝ በጓዳው በር በኩል ያስገባሁት። "ና፣ ና፣ ና፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ በቃ።" አዳራሹ መሐል ሲቆም ሰው ሁሉ ስልኩን አወጣ። እውነትም ግንብ ነው። እኔ የማየው ግን ጫፏን ብቻ ነበር።

ችግሩ ከስድስት ሰዓት በኋላ ጀመረ። ሦስት መቶ ጠርተን ነበር ብያችኋለሁ። የተጠራው ከነልጆቹ መጣ፤ ልጆቹ ከነጓደኞቻቸው መጡ፤ ከዲሲ ሰሞኑን የመጣ ዘመድ ያለው ሰው ዘመዱን ቤት ጥሎ አይመጣምና ይዞት መጣ። ከጎን ካለው አዳራሽ ወንበር ተበደርን። ስድስት ሳምንት ሙሉ "ለእንግዳው፣ ለእንግዳው" ስል ሰማይ ሰምቶኝ ኖሯል። ሙሽሮቹ ኬኩን በወግ ቆረሱ፣ ኬኩ ወደ ጓዳ ገባ፣ እኔ ደግሞ የማያልቅ ፎቶ ለመነሳት ተጎተትኩ። እንደ ምንም አምልጬ፣ በረዶ የሞላሁበትን ሳጥን አንግቼ ጓዳ ስደርስ እትዬ ብርቄ ቢላዋ እየጠረጉ ነው። እትዬ ብርቄ ከእኔም ከጽጌም በዕድሜ የሚበልጡ፣ በከተማው ስንት ሰርግ ጓዳ የመሩ ሴት ናቸው።

"እትዬ ብርቄ፣ የላይኛዋ የት ናት?"

"የቷ?"

"ትንሿ ፎቅ።"

"እሷማ ቀድማ አለቀች። ከላይ አይደለም እንዴ የሚጀመረው?"

እውነታቸውን ነው። ከላይ ነው የሚጀመረው። በስድስት ሳምንት ውስጥ ለጓዳ ሰዎች አንድ ቃል መንገር ትዝ ያላለኝ እኔ ነኝ።

"የታችኞቹም ጠፉ" አሉ። "አሁንም ሦስት ጠረጴዛ አልደረሰውም። ሰው አፉን ሳያጣፍጥ ይሂድ የሊና አባት? ለአንተ ግን አስቀርቼልሃለሁ።" ሳህን ሰጡኝ። ከላይኛዋ ናት፣ የሁለት ጣት ስፋት።

የለስላሳ ሳጥን ገልብጬ ተቀመጥኩና በላኋት። ቅቤው መጀመሪያ መጣ፣ ሎሚው ቀስ ብሎ። እንባዬም መጣ። ሎሚው ነው እንዳልል አይኮመጥጥም።

በዚህ መሐል ሊና ቬሎዋን በሁለት እጇ ሰብስባ ገባች። "አባዬ፣ እዚህ ምን ታደርጋለህ? ሁሉም እየፈለገህ ነው።"

"የላይኛዋን በሉብኝ።"

"ኢትስ ኦኬ፣ ኬክ ነው እኮ።"

"ኬክ አይደለም" አልኩና ሁሉንም ዘረገፍኩት። ስድስቱን፣ ስምንቱን፣ የከማልን ማፍጠሪያ፣ ባህሉን፣ ኦቨኑን። መጀመሪያ ሳቀች፣ እትዬ ብርቄ መሐረብ እስኪያቀብሏት ሳቀች። ከዚያ መሳቋን ተወችና፣ "እና ልትጠይቀኝ የፈለግከው ምንድን ነው?" አለችኝ።

"ስትመጪ ስንት ቀን ትቀመጫለሽ?"

በነጭ ቬሎዋ ሌላ ሳጥን ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። "አላውቅም አባዬ። አዲስ ሥራ ነው፣ ስንት ቀን እንደሚሰጡኝ ገና አልነገሩኝም።" መሐረቡን አጣጠፈችው። "ግን አንተ ለምን አትመጣም?"

"የት?"

"ዴንቨር። በፕሌን ሦስት ሰዓት ምናምን ነው። ክፍል አለን።"

እግዜር ያሳያችሁ። በእነዚያ ሳምንታት በኢንች ለክቻለሁ፣ ካርቶን ቆርጫለሁ፣ በአገሬ ባህል ላይ ዋሽቻለሁ፤ እኔ ራሴ ተነስቼ ልሄድ እንደምችል አንድ ቀን አስቤ አላውቅም። ልጅ ነው ወደ አባቱ የሚመጣ፣ አባት ባለበት ይጠብቃል፤ እንዲህ ነበር ጭንቅላቴ ውስጥ የተጻፈው። አፌ ግን እኔን ሳይጠብቅ፣ "ሥራ አለብኝ" አለ።

"አውቃለሁ" አለች ሊና። አልተቆጣችም፣ አልከፋትምም። ቀለል አድርጋ ነው ያለችው፤ ብዙ ጊዜ የሰማችው ቃል መሆኑ የገባኝም ለዚያ ነው። ጉንጬን ስማኝ ወደ ዮናታን ተመለሰች።

ማክሰኞ ኤርፖርት ሸኘናቸው። ረቡዕ ጠዋት የአለቃዬን ቢሮ አንኳኳሁ። በዕድሜ ልጄ የሚሆን ሰው ነው። "ቫኬሽን እፈልጋለሁ" ስለው "አመመህ እንዴ?" አለኝ። ኮምፒውተሩን ከፈተ፣ አነበበ፣ እንደገና አነበበ።

"ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ስትሠራ አንድም ቀን አልወሰድክም?"

"ስንት አለኝ?" አልኩት። የሃያ ሁለት ዓመት ቀን ተጠራቅሞ የሚጠብቀኝ መስሎኝ ነበር።

"የዘንድሮው ሁለት ሳምንት ነው። የበፊቶቹ ኤክስፓየር አድርገዋል፣ አይተላለፉም።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም። በየዓመቱ ነው የሚቃጠሉት፤ አልነገሩህም?"

ነግረውኝ ነበር፤ በየዓመቱ ወረቀት ይሰጡኛል፣ እኔ አጣጥፌ ኪሴ እከተዋለሁ። የተቃጠሉትን በልጄ ዕድሜ ልቆጥራቸው ጀመርኩ። ስድስት ዓመቷ፣ ሁለት ሳምንት። ሰባት ዓመቷ፣ ሁለት ሳምንት። ስምንት ላይ ስደርስ አለቃዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ታዲያ ስንት ቀን ልጻፍልህ?"

"ያለውን ሁሉ" አልኩት።